የሰንበት ሸክላ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ሰበብ ፈልገው ከሚነሱት ሰዎች አንዷ ነኝ፣ ይሄን ከወዲሁ ያዙልኝ። ጎንደር ተወልጄ አድጌ፣ እገሌን ዛር ያዘው፣ እገሊትን ሰው በላት ሲባል እየሰማሁ ከልቤ አንድም ቀን አምኜ አላውቅም፣ አባቴ አስተማሪ ነበር፣ ጎረቤቱ የወለቃን ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች ቡዳ ናቸው እያለ ልጁን ሲደብቅ እሱ ሆን ብሎ እጄን ይዞ እዚያው መንደራቸው ይወስደኝና መንገድ ዳር ከተደረደሩት የሸክላ ምስሎች አንዱን ምረጪ ይለኝ ነበር፣ እቤት ስንመለስ አያቴ ታማትባለች፣ እሱ ይስቃል። በእንዲህ ዓይነት ሰው እጅ ያደግሁ ነኝ። ደግሞም የምነግራችሁ ነገር የደረሰው በጨለማ አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በቅዳሜ እኩለ ቀን፣ በልቼ ጠግቤ፣ ጠጅ ቀርቶ ጠላ ሳልቀምስ ነው፣ እመኑኝ፣ ምክንያት ብታገኙለት ከሁሉ በፊት የምደሰተው እኔ ነኝ።

እስራኤል አገር፣ ፔታህ ቲክቫ በምትባል ከተማ፣ ከየአገሩ ለመጡ ሠዓሊዎች ወርክሾፕ ተዘጋጅቶ ተጋበዝኩ። የሚሠራው ከተጣለ ነገር ነው፣ ብረቱን፣ እንጨቱን፣ ጨርቁን፣ የተሰበረ ሰዓቱን ሳጥን ውስጥ እያገጣጠሙና እየለጠፉ አንድ ሥራ ማውጣት፣ ፈረንጆቹ አሰምብላዥ ይሉታል፣ እኔ ጎንደር ተማሪዎቼን ሳስተምር "የጥራጊ ሥዕል" እላቸዋለሁ፣ ይስቁብኛል። እያንዳንዳችን ከቤታችን አንድ ዕቃ ይዘን እንድንመጣ ታዘን ነበርና እኔ አባቴ ከገዛልኝ ምስሎች የቀረችኝን አንዲት ሸክላ ይዤ ሄድኩ፣ እንስራ ያዘለች ሴት ናት፣ ከክንድ ታንሳለች። በነጠላ ጠቅልዬ፣ በሹራብ ጠቅልዬ፣ የእጅ ሻንጣዬ ውስጥ አድርጌ እንደ ሕፃን ታቅፌ ነበር የምሄደው፣ አውሮፕላን በር ላይ ግን ሻንጣሽ ከበደ ብለው ተቀበሉኝና ከታች ጫኑት። ስከፍተው ጭንቅላቷ ዱቄት ሆኗል፣ አካሏ እስከ አንገቷ ደህና ነው፣ ከአንገት በላይ ምንም የለም።

ሰው ፊት እንባዬ መጣ፣ ምን ላድርግ፣ የአባቴ ዕቃ ነው። የወርክሾፑ አስተማሪ ኖጋ የምትባል ቀጭን፣ ቆማ የማታውቅ ሴት ናት፣ ሸክላዋን አገላብጣ አየችና "ግሩም ነው! በይ ይቺ ከተማ ከጣለችው ነገር ጭንቅላት ፈልጊላት" አለችኝ። ደሜ ፈላ። ግን ደግሞ እውነቷን ነው፣ የመጣሁት ለዚሁ ነው፣ ስለዚህ በማግስቱ ጆንያዬን ይዤ ኤን ጋኒም በሚባለው ሰፈር ስዞር ዋልኩ፣ እዚያ ሰው የማይፈልገውን ዕቃ ቆሻሻ ገንዳው አጠገብ አውጥቶ ያስቀምጠዋል፣ ነውር የለውም፣ ወንበር በሉት፣ የልብስ ማጠቢያ በር በሉት፣ አሻንጉሊት በሉት፣ ደልቶኝ ተመለስኩ።

ያረፍኩት ሻአሪያ በሚባል ሰፈር ከማሪቱ ዘንድ ነው። አዘጋጆቹ አማርኛ ተናጋሪ ናት ብለው እሷ ቤት መደቡኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። ማሪቱ ከወለቃ በልጅነቷ የመጣች ናት፣ ሲገቡ "ሚሪ" ብለው ስም ቀይረውላታል፣ እኔ ማሪቱ ስላት ግን ፊቷ ይበራል። ሥራዋ የሰው ሽማግሌዎችን መጦር ነው፣ ቀን የሰው አባት ታጥባለች፣ ማታ እቤቷ ገብታ የራሷን እናት ታጥባለች። እናትዮዋ እማማ ትርንጎ ይባላሉ፣ ስትሮክ መቷቸው አፋቸው ወደ ግራ ተጣሟል፣ ቀኝ እጃቸው እንደ ተጨበጠ ቀርቷል፣ ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈሱም፣ በመስታወት በተዘጋው በረንዳ ላይ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ውጭ ውጭውን ያያሉ፣ ቢያዩ ነው፣ ማን ያውቃል። ወጣት ሳሉ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። እኔም ሞኝ አይደለሁ፣ የመጀመሪያውን ቀን ጭንቅላት የሌላትን ሸክላዬን ፊታቸው አምጥቼ "እማማ፣ ይቺን ያውቋታል?" አልኳቸው፣ ዓይናቸው እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

"ተይ ሰብልዬ" አለችኝ ማሪቱ፣ "መንደሩ ሁሉ ይሄንኑ ነበር የሚሠራው፣ የእሷ ይሁን የማን በምን ይታወቃል።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጭንቀቷን አወጣችልኝ። እሑድ ከማዘጋጃ ቤት አንዲት ሴት ልትመጣ ነው፣ እማማን አይታ ማሪቱን ልትጠይቃት፣ የአረጋውያን መኖሪያ ይግቡ ወይስ እቤት ይቆዩ። "ቤቷ መሆኑን ካወቀች እስክሞት አላወጣትም" አለችኝ ማሪቱ፣ "ካላወቀች ግን፣ እኔ ወገቤ አልቋል፣ ሥራዬንም ላጣ ነው፣ ለማታውቀው ቤት ብዬ እኔ ልውደቅ? ንገሪኝ እስቲ። እዚያ ገላ ውስጥ እናቴ አለች? የለችም? ይሄን የሚነግረኝ አንድ ሰው አጣሁ።" አብሬያት አለቀስኩ።

ወደ ወርክሾፑ ልመልሳችሁ። የምንሠራው ድሮ ብርቱካን ይታሸግበት በነበረ መጋዘን ውስጥ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሙቀቱ ልብ ያወልቃል። ሸክላዋን ሳጥኔ መሃል አቆምኩና መጀመሪያ የበር እጀታ ጭንቅላት አደረግሁላት፣ በማይላቀቅ ማጣበቂያ፣ ጠዋት ስመጣ ወልቋል። እሺ፣ ማጣበቂያው ነው አልኩ። ቀጥሎ የቧንቧ መክፈቻ ለጠፍኩላት፣ ያምርባት ነበር፣ እሱም ወለቀ። ኖጋ ራሷ ብረት ከብረት የሚይዝ ማጣበቂያ አምጥታ የሰዓት ፊት ተከለችላት፣ ወለቀ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ የወደቀ ነገር ወለል ላይ ይገኛል፣ ይንከባለላል፣ የሰዓቱ መስታወት ይሰበራል፣ አይደለም? የእኔዎቹ ግን ሦስቱም ሳጥኑ ጥግ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ቁጭ ቁጭ ብለው ነው የተገኙት፣ ሰው አንስቶ እንዳስቀመጣቸው። አጠገቤ የሚሠራ አንድ ቀልደኛ ግሪክ ነበር፣ እሱ ነው ብዬ ሙልጭ አድርጌ ተሳደብኩ፣ በአማርኛ ስለሆነ አልገባውም፣ ፈገግ ብሎ ብርቱካን ሰጠኝ።

ዓርብ መጋዘኑ ለሻባት፣ ለቅዳሜ ሰንበት፣ ስለሚዘጋ ሳጥኔን ተሸክሜ እማሪቱ ቤት ገባሁ። ማሪቱ ገና ከበር "ያላ፣ ቶሎ በይ፣ አሁን ፀሐይ ትገባለች፣ ማጣበቂያ የለ መቀስ የለ፣ እዚህ ቤት ሻባት ሻባት ነው" አለችኝ። አውቃለሁ፣ እኔም እንግዳ ነኝ፣ ወግ አውቃለሁ። ቤቱ ጠባብ ነውና ሳጥኑን ማኖሪያ ሲጠፋ በረንዳው ላይ እማማ አጠገብ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ማሪቱ የእናቷን ገላ አጠበች፣ የተጨበጠውን እጅ ጣት በጣት እያላቀቀች ጥፍራቸውን ቆረጠች፣ ፈገፈገች፣ ነጭ ልብስ አለበሰቻቸው፣ እኔ ፎጣ ይዤ አጠገቧ ቆሜ ነበር፣ ያ ጥፍር እንደ ሕፃን ጥፍር ጸድቶ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ምግቡም ቀዝቃዛ ነው፣ ሌላው ሰው ዓርብ ሰክቶት የሚያድረውን የኤሌክትሪክ ምግብ ማሞቂያ እማማ ትርንጎ ከመጡ ጀምሮ እቤታቸው አስገብተው አያውቁም አሉ፣ እሳት እሳት ነው፣ በገመድም ቢመጣ፣ ይሉ ነበር።

ቅዳሜ ማሪቱ ጸሎት ቤት ሄደች፣ እማማን እየጠበቅሁ ቀረሁ። የፔታህ ቲክቫን ቅዳሜ ቀትር ያላየ ሰው ዝምታ አያውቅም፣ መኪና የለ፣ ሱቅ የለ፣ የልጅ ድምፅ የለ፣ መንገዱ በሙቀቱ ተኝቷል። ወጥ ቤት ቆሜ ቀዝቃዛ ዳቦ እየቆረስኩ ነበር፣ መጀመሪያ ሽታው መጣ። የአፈር ሽታ፣ ዝናብ የጠጣ አፈር። በበጋ! በመስኮት ብቅ ብዬ ሰማዩን አየሁ፣ ደመና የሚባል የለም። ጎረቤት አበባ አጠጣ ይሆናል አልኩና ዳቦዬን ቀጠልኩ። ከዚያ ድምፁ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ እርጥብ ነገር በመዳፍ ሲመታ። ቧንቧውን አየሁ፣ ዝግ ነው። ድምፁ የሚመጣው ከበረንዳው ነው።

በበሩ ስንጥቅ አየሁ። እማማ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል፣ ወንበራቸው ግን ወደ ጠረጴዛዋ ዞሯል፣ ማን እንዳዞረው አላውቅም፣ እኔ አላዞርኩም፣ ነጭ ልብሳቸው ከትከሻቸው ላይ ይንቀሳቀሳል፣ የቀኝ ትከሻቸው፣ የሞተው። ፈራሁ እንዳልላችሁ፣ ፍርሃት አይደለም፣ ሰው ሲጸልይ ድንገት የገባሁበት ነው የመሰለኝ፣ አፈርኩ፣ ወደ ኋላዬ ሄጄ ኮሪደሩ ላይ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ለምን እንዳወለቅሁ አትጠይቁኝ። ጠብ ጠቡ አቆመና ሌላ ድምፅ ጀመረ፣ ሽር፣ ሽር፣ ሽር፣ ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ከአባቴ ጋር ስንሄድ የወለቃ ሴቶች ሸክላውን በወንዝ ጠጠር ሲያለሰልሱት የምሰማው ድምፅ ነው፣ ከዚያ ወዲህ የትም ሰምቼው አላውቅም። ዓይኔ እንባ ሞላ። የልጅነቴ ቀን በሙሉ ኮሪደሩ ላይ መጥቶ ቆመብኝ፣ አባቴ አጠገቤ ያለ መሰለኝ።

ቀጥሎ ሙቀቱ። የአገሩን ሙቀትማ ለምጄዋለሁ፣ ይሄ ግን ከበሩ ስር ነው የመጣው፣ ባዶ እግሬን ለበለበኝ፣ ሸክላ ሲተኮስ ጉድጓዱ አጠገብ የቆመ ሰው ያውቀዋል፣ የኩበት ጭስ ሸተተኝ፣ ጭስ ግን የለም፣ መስታወቱ ጥርት ብሎ ውጭው ይታያል። ከዚያ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ምን ያህል እንደቆምኩ እንጃ፣ በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ።

ሸክላዬ ጭንቅላት አላት።

እመኑኝ፣ አውራ ጣት የምታህል ጭንቅላት፣ አንገቷ ላይ ስፌት እንኳ ሳይታይ አብራ የተፈጠረች መስላ ተቀምጣለች፣ ሹሩባዋ አንድ በአንድ ተሠርቷል፣ ዓይኗ ተከድኗል፣ ከንፈሯ ልትናገር እንዳለች ትንሽ ተከፍቷል። አፈሩም እንደ አካሏ የወለቃ ጥቁር አፈር ነው፣ የዚያ ከተማ አፈር ቀይ አሸዋ ነው፣ ጨብጠው ቢለቁት ይበተናል፣ እኛ ያለንበት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ እሱም የለም። ጠረጴዛው ደረቅ ነው፣ ወለሉ ንጹሕ ነው። እማማን ዞር ብዬ አየሁ፣ ቀኝ እጃቸው ተዘርግቶ ጭናቸው ላይ መዳፉ ወደ ላይ ተቀምጧል፣ በጥፍራቸው ውስጥ ጥቁር ጭቃ አለ። እጄን ወደ ጭንቅላቷ ስሰድድ እማማ ትርንጎ፣ ቃል ያልተነፈሱት ሴትዮ፣ እኔን ሳያዩ፣ በደከመ ግን በጠራ ድምፅ፣ "አትንኪው፣ ገና ትኩስ ነው" አሉኝ።

እኔ ደግሞ እንደምታውቁኝ ነገር አልሰማም፣ ነካሁት። ጣቴ ተላጠ፣ ይኸው ጠባሳው፣ ሌባ ጣቴ ላይ፣ ላየው ለፈለገ ሁሉ አሳያለሁ። ተንበርክኬ የእማማን እግር ሳምኩ፣ ሌላ ምን ይደረጋል።

ማሪቱ ስትመለስ በሩን ሳታንኳኳ ከፈትኩላትና "እናትሽ ተናገሩ! አሉ! እዚያ ውስጥ አሉ!" ብዬ ጮህኩ። ደስታ ይገድላታል ብዬ ፈርቼ ነበር። በረንዳው ላይ ገባች፣ የሸክላዋን ጭንቅላት አየች፣ የእናቷን እጅ አነሳች፣ ጥፍሩን አየች፣ አሸተተችው። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ፊቷ አመድ ሆነ።

"ዛሬ ሻባት ነው" አለች።

"ይሁና! ማሪትዬ፣ ሠሩ እኮ! በዚያ እጅ!"

"አልገባሽም ሰብለ። ወለቃ እያለን፣ አንድ ዓርብ የሳምንቱ ሸክላ ሁሉ እሳት ውስጥ ሳለ ሳይበስል ፀሐይ ዘቀዘቀች፣ እናቴ ውሃ ደፋችበት። ሁሉም ተሰነጠቀ። የምንበላው አልነበረንም፣ ታናሽ ወንድሜ ሲያለቅስ ትዝ ይለኛል፣ አባቴ ምን ነበር ትንሽ ብትታገሺ ሲላት፣ ሰንበትን ከምሽር ልጆቼ ይራቡ አለችው። ይቺ ሴት በሰንበት ጭቃ አትነካም። እሳት አታነድም። ስትሞትም አታነድም።" የእናቷን ፊት ቀና ብላ አየች፣ እማማ እንደ ወትሮው ውጭ ውጭውን ያያሉ። "ይሄን የሠራችው እናቴ ከሆነች ሰንበትን ሽራለች። ካልሻረች ደግሞ እዚህ የተቀመጠችው እናቴ አይደለችም። የቱን ልመን?"

መልስ ካላችሁ ላኩልኝ። "ምናልባት እሳቸው ሳይሆኑ በእሳቸው የመጣ ነገር ይሆናል" ልላት ጀምሬ ምላሴን ነከስኩ፣ እኔ ማነኝ እንዲህ የምል፣ የአባቴ ልጅ! ማሪቱ ቀረብ ብላ ጭንቅላቷን ሳትነካ ለረጅም ጊዜ አየቻት። "አፏ አልተጣመመም" አለች ቀስ ብላ። "የእናቴ የድሮ ፊት ነው። ሹሩባዋም ልጅ ሳለሁ የምትሠራው ሹሩባ ነው።" ያኔ ነው ያለቀሰችው።

እሑድ ከማዘጋጃ ቤት የምትመጣው ሴት መጣች፣ ደህና ሰው ናት፣ እማማ ፊት ተቀምጣ ስማቸውን ጠየቀቻቸው፣ እጃቸውን ያዘች፣ እጁ እንደ ድሮው ተጨብጧል፣ ቃል የለም፣ ምንም የለም። እኔ ሳጥኑን ላሳያት ብድግ ስል ማሪቱ በዓይኗ አስቀመጠችኝ። ሴትዮዋ ምን ወሰንሽ ስትላት ማሪቱ ወገቧን ይዛ ቆማ "አትሄድም" አለች። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ማሪቱን ለምን እንደዚያ እንደወሰነች ስጠይቃት፣ "እናቴ ከሆነች ቤቷ ነው" አለችኝ፣ "ካልሆነችም ምን እንደሆነች ሳላውቅ እንዴት ብዬ የሰው እጅ ላይ እጥላታለሁ? በሰደር፣ እሺ ይሁን፣ እኔው እጦራታለሁ።" ሸክላዋን ግን ከቤቴ አውጪልኝ፣ ወደ አፈሯ መልሻት አለችኝ። በመዝጊያው ኤግዚቢሽን ላይ ሰው ሁሉ ሳጥኔ ፊት ተሰብስቦ ነበር፣ ያ ቀልደኛ ግሪክ እንኳ ኮፍያውን አወለቀ፣ ኖጋ በየት ምድጃ ተኮስሽው ብላ አስጨነቀችኝ፣ በየት ልበላት።

አሁን ጎንደር እቤቴ መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ናት። ከእሑድ እስከ ዓርብ እንደ ማንኛውም ሸክላ ናት፣ አቧራ ይይዛታል፣ እጠርጋታለሁ። ቅዳሜ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ቤቱን የአፈር ሽታ ይሞላዋል። እኔም ሁልጊዜ ዛሬስ አልነካትም እላለሁ።

ማታ ኮከብ ሲወጣ፣ ሻባት ሲያልቅ፣ ማሪቱ ትደውላለች። ስለ ጤና እንጠያየቃለን፣ ስለ ሥራዋ ታማርራለች፣ እኔ ስለ ኑሮ ውድነት አማርራለሁ።

"ዛሬስ?" ትለኛለች።

"ቀዝቃዛ ናት" እላታለሁ። "ኧረ ምንም የለም። የእማማስ ጥፍር?"

"ንጹሕ ነው" ትለኛለች። "አሁን አየሁት፣ ዓርብ እንደቆረጥኩት ነው።"

"ተመስገን።"

"ተመስገን፣ ሰብልዬ።"

ከጀርባዋ የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ይሰማኛል፣ ብሩሽ ሲፈገፍግም ይሰማኛል፣ እሷ ግን ስለ ውሃው አትነግረኝም። እኔም ስልኩን በግራ እጄ ይዤ፣ ቀኝ እጄን ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ጣሳ ውስጥ እንደ ነከርኩ አልነግራትም።